የማቴዎስ ልብና የዛፍ ላይ ቀፎዎቹ

አስካለች መልስ ያጣችለት ነገር የባሏ እጅ መቀዝቀዝ ነበር። ማቴዎስ በጌጫ ጫካ ረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ ሲሰቅል ዕድሜውን የገፋ ሰው ነው፤ ዝናብ መትቶት ሲገባ እንኳ እጁ ይሞቅ ነበር። በ2004 ዓ.ም. በልግ ግን ጣቶቹ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዙ። ከመደቡ ብድግ ሲል ዐይኑ እየጨለመበት ግድግዳ ይይዛል። ቀን ተኝቶ የማያውቀው ሰው ምሳ ከበላ ያንቀላፋል።

“እርጅና ነው፣ አስኩ” አላት።

“እርጅና በአንድ ወር አይመጣም፣ የሙሴ አባት” አለችው፣ በልጃቸው ስም ጠርታ።

በዚያ ወር ምን አዲስ ነገር ገባ ብላ አሰበች። ምግቡ ያው፣ ሥራው ያው። አዲሱ ነገር ለደም ግፊቱ ሚዛን ተፈሪ ሆስፒታል የታዘዘለት አቴኖሎል የሚባል ኪኒን ብቻ ነው። ማቴዎስ ማር ሊቆርጥ ጫካ የገባ ሰሞን የኪኒኑን ማሸጊያ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ነርሷ ሲስተር ፀደንያ ጥያቄው ደስ አላት። “እትዬ፣ ቅዝቃዜውን ከኪኒኑ ጋር ማን አገናኘልዎት?”

“አብሬው እተኛለሁ እኮ። እግሩ ሲነካኝ ብንን የምለው እኔ ነኝ።”

ፀደንያ እየሳቀች አስረዳቻት። ኪኒኑ ልብ ረጋ ብሎ እንዲመታ ያደርጋል፤ ግፊቱም ይወርዳል። መጠኑ ለሰውየው ከበዛ ግን ልብ ከልክ በላይ ይዘገያል፤ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ሰውነት ይዝላል፣ ሲነሱ ያዞራል። ከዚያ ጣቶቿን በአስካለች የእጅ አንጓ ላይ አሳርፋ የልብ ምት በእጅ ሰዓት እንዴት እንደሚቆጠር አሳየቻት። “ሲመለሱ ይቁጠሩላቸው። በደቂቃ ከሃምሳ በታች ከሆነ፣ ራሳቸውን ከሳቱ ወይም ደረታቸው ካፏጨ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።”

ማቴዎስ ሲመለስ እጁን ያዘችው።

“ምነው፣ ልትሸጪኝ ነው የምትመዝኚኝ?”

አልሳቀችም። የጠበቀችው ዝግታ ነበር፤ ከጣቶቿ ሥር ያለው ምት ግን ይጋልባል። ደረቱንም ጨምድዶ ይዞት ነበር።

“ኪኒኑን ውጠሃል?”

“የዛፍ መውጫው ገመድ ላይ ስሆን ጉልበቴ ይከዳኛል። ማር የምቆርጥ ሰሞን እተወዋለሁ” አላት። “ብወድቅ ለማን ትቀሪያለሽ ብዬ ነው።”

ወዲያው ጎረቤት ጠርታ ጤና ጣቢያ አደረሰችው።

“ጋሼ፣ ኪኒኑ እንደከበደዎትስ በትክክል ነው ያወቁት” አለችው ፀደንያ፤ “ግን በድንገት ሲተዉት ልብ ቁልቁለት ላይ ልጓሟ እንደተለቀቀ በቅሎ ነው የሚሆነው። መጠኑን ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው።” በዚያው ቀን ወደ ሚዛን ተፈሪ ላከችው። እዚያ ልቡን በመሣሪያ አዩለት፤ ኪኒኑን በየጊዜው እየቀነሱ በሌላ ለወጡለት። የእጁ ሙቀት ተመለሰ፣ የቀን እንቅልፉም ቀረ። ሐኪሙ ግን ዛፍ መውጣት ከለከለው።

አስካለች አሁን የያዘችው ሥራ ንቦቹን ወደ እሱ ማውረድ ነው። ጓሮ ውስጥ፣ በወገብ ቁመት፣ የሣጥን ቀፎዎች አስቀምጣለች። የመጀመሪያዎቹ ንቦች ጥለዋት ሄደዋል። ዛሬ አዲስ መንጋ ገብቷል፤ እሷ የንብ ማጨሻውን ይዛ ታጎነብሳለች፣ ማቴዎስ በርጩማው ላይ ሆኖ ያዛታል።

“ቀስ፣ አስኩ። ጭሱ በዛ።”

“አንተ ዝም በል፣ ንቦቹን ልስማ” ብላው የቀፎውን ክዳን በዝግታ ማንሳት ጀመረች።