የቦራ ጨው

ላም ጨው ስትልስ የምላሷ ሸካራ ድምፅ ዛሬም ድንገት ጆሮዬ ላይ ይመጣና የዱሮ ቅናቴን ይቀሰቅሰዋል። ሰው በላም ይቀናል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ ቀንቻለሁ፤ ያውም አንጀቴ እስኪቃጠል።

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን አባቴን ለመንገድ ሥራ ወስደውት፣ ጉለሌ፣ እንጦጦ ግርጌ ባለችው ጎጇችን እናቴ፣ እኔ፣ ጡት የሚጠባው ወንድሜና ቦራ የምትባለው ላማችን ቀርተን ነበር። ቦራ በክረምቱ ወለደች። ወተቷ እየተሸጠ እህል ይገዛበት ስለነበር ለእኔ አይደርሰኝም፤ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ» ይላል፣ የእኔዋ ግን እደጃፌ ቆማ ነበር ወተቷን የማላየው።

ዝናቡ ሲያባራ ቦራ ከሳች። ለምለሙን ሣር ትታ የወደቀ አጥንት ታኝክ፣ የጭቃ ግድግዳችንን ትልስ ጀመር፤ አንድ ቀን ጠዋትም መነሣት አቃታት። እሷ ከሞተች ጦማችንን ማደራችን ነበር። እናቴ የባላገር ልጅ ናትና ነገሩ ቶሎ ገባት፤ ከሣሩ ያጣችውን ከገዛ አጥንቷ እያወጣች ነው የምትታለብልን አለችና፣ ከየደጁ አጥንት አስለቅማኝ፣ አቃጥላና ወቅጣ ከአተላ ጋር ለውሳ አበላቻት። ጨው በጠፋበት በዚያ ጊዜ የቀረችንን አሞሌም አፏ ሥር አኖረችላት። እኛ ጨው የሌለው ሽሮ እየበላን፣ እናቴ የቦራን አንገት እያሻሸች «አይዞሽ የኔ እመቤት» ስትላት ብሰማ አላስችል አለኝ።

«ለእኔስ?» አልኋት።

«አንቺ አትታለቢም» አለችኝ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ።

ቦራ ውላ አድራ ተነሣች። ጎረቤቱ ሁሉ እልል ሲል እኔ አኩርፌ ጓሮ ተቀመጥሁ።

በበጋው ወንድሜ ዳዴ ማለት ጀምሮ ሳለ፣ እናቴ እሱን እያጠባች ቆሎ ስትቆረጥም ጥርሷ ተነቅሎ መዳፏ ላይ ወደቀ። ለየልጁ አንድ ጥርስ መሄዱ አይቀርም ብላ፣ በእኔ ጊዜ የሄደውን ክፍተት በምላሷ ነካ አድርጋ አሳየችኝና ማጥባቷን ቀጠለች።

ከብዙ ዓመት በኋላ የገዛ ልጄ ስትወልድ ሐኪሙ አጥንቷ እንዳይጎዳ ብሎ ኪኒን አዘዘላት፤ ጳውሎስ ካለው ፋርማሲ ገዝቼ የምወስድላት እኔ ነበርሁ። ጥርሷ አንድም ሳይጎድል ስትስቅ ሳያት ደስ ይለኛል፣ እቀናለሁም። ለቦራ እናቴ ነበረችላት፤ ለልጄም እኔ አለሁላት። ለእናቴ ግን ያን በጋ አንዲት ጉራጅ ጨው ያቀረበላት ሰው አልነበረም።