በሹክሹክታ የተፈለገች ልጅ

የሱዳኗ ገዳሪፍ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከጎንደር በእግራቸው መጥተው እዚሁ ቀሩ። እኔም አረብኛውን ከሰፈር፣ አማርኛውን ከእናቴ፣ ዱላውን ከሁለቱም ወገን እየቀመስኩ አደግሁ። ትምህርት ቤት መምህሩ አለንጋ ነበረው። ቤት ደግሞ የእናቴ ቁንጥጫ ነበር፤ ጭኔን ይዛ ስታዞረው ሰፈሩን የሚያነቃ ጩኸት እለቅ ነበር። ጎረቤት ይሰማና "ተይ አንቺ፣ ልትገያት ነው እንዴ?" እያለ ይገባል። እናቴም ሰው ፊት እፍረት ይይዛትና ትተወኛለች። ያዳነኝ ለቅሶዬ እንደነበር የገባኝ ግን ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ልጆች የማያለቅሱበት ግቢ ከገባሁ በኋላ ነው።

ሞባይል በየሰው እጅ መግባት የጀመረበት ጊዜ ነበር። ከካርቱም የመጣች ዶክተር ልጆች በቤትና በትምህርት ቤት እንዴት እንደሚቀጡ ታጠና ነበርና፣ በሐበሾቹ ቤት እንዳስተረጉምላት ቀጠረችኝ። ትምህርት ቤቶቹ አላስቸገሩንም። አንዱ ርዕሰ መምህር እንዲያውም አለንጋውን ከግድግዳ አውርዶ አሳየን፤ ወላጆች ልጃቸውን ሲያስረክቡ "ሥጋው የእናንተ፣ አጥንቱ የኛ" እንደሚሉት እየሳቀ ነገረን። የከበደው ቤት ለቤቱ ነው። ዶክተሯ ደግ ሴት ናት፤ ሰው ሲጠየቅ እውነቱን የሚናገር ይመስላታል። "ልጅሽን ትመቻለሽ? በይልኝ" ትለኛለች። እስቲ አሁን የትኛዋ የኛ አገር እናት ናት፣ ቶብ የሚሉትን ረጅም ልብሷን አጣፍታ የመንግሥት ሰው መስላ ለመጣች እንግዳ "አዎ፣ በማማሰያ ነው የምላት" የምትለው?

ግቢው ከከተማው ጫፍ፣ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ነው። አንድ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ የአገራችን ሴቶች ከነልጆቻቸው ሞልተውበታል። መጀመሪያ የገባን ቀን ልጆቹ የጨርቅ ኳስ ይጫወቱ ነበር። የሆነ ነገር ጎድሎብኝ ቆሜ አየኋቸው። ይሮጣሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ይወድቃሉ፤ የሚሰማው ግን የእግራቸው ኮቴ ብቻ ነው። አንዲት ስድስት ዓመት ግድም የምትሆን ልጅ ድንጋይ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ደሙን አየችው። አፏን በሰፊው ከፈተች፣ ትንፋሿን አወጣች፣ አፏን ዘጋች፤ ተነስታም ጨዋታዋን ቀጠለች። ዶክተሯ "ማሻአላህ፣ እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው!" አለች። እኔ ግን ዓይኔን ከልጂቱ ጉልበት መንቀል አቃተኝ።

እናቶቹ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው። "ኧረ እኛስ አንመታም። የልጅ ለቅሶ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?" ጎረቤት ብንጠይቅም ያው፣ ማንም ምንም አልሰማም። ዶክተሯ ደስ አላት። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ነገር ካልጎረጎርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ብቻዬን መመላለስ ጀመርኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የዚያች ጉልበቷ የተላጠ ልጅ ቤት በሩ ገርበብ ብሎ ደረስኩ። እናቷ በእኔ ዕድሜ ናት፤ በእህል ገበያው ሰሊጥ ታበጥራለች፤ ባሏ ወደ ሊቢያ እንደሄደ ወሬው ጠፍቷል። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ፣ እናትየዋ የሻሿን ጫፍ አጣጥፋ ለልጂቱ ስትሰጣት አየሁ። ልጂቱ መድኃኒት እንደምትቀበል ሁሉ አፏን ከፍታ ጨርቁን በጥርሷ ያዘች። ከዚያ ራሷ ዞረች። እናትየዋ ያነሳችው የጎማ ቱቦ ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ፤ ሌላ ድምፅ አልነበረም። በሩን በርግጄ ገባሁ።

እናትየዋ አልደነገጠችም። ቱቦውን አልጋ ሥር ከትታ፣

"ግቢ፣ እታለም፣ በሩን ዝጊው" አለችኝ።

"ምንድን ነው የምትሠሪው?"

"ልጄን እቀጣለሁ። ምነው፣ አንቺን እናትሽ ቀጥታሽ አይዶል ሰው የሆንሽው?"

"ጨርቁስ?"

"ልጅ ከጮኸ ጎረቤት ሹርጣ ይጠራል። ሹርጣ ከመጣ ኢቃማሽን አምጪ ይላል። ከየት አመጣለሁ? ይኸን ግቢ ሙሉ በሎሪ ጭነው መተማ ይደፉናል። እኔ ገበያ ስውል ቤት ተዘግቶባት ነው የምትውለው፤ ሳልቀጣት ብተዋት በር ከፍታ ትወጣለች። ምን ላድርግ?"

እውነቷን ነው። ሹርጣው፣ ፖሊሱ፣ ኢቃማ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን የሚያፍስበትን ቀን ከሻ ይሉታል፤ ያ ግቢ የሚኖረው ከሻን እየጠበቀ ነበር። እናቶቹ ተመካክረው ልጆቹን ያለ ድምፅ ማልቀስ አስተምረዋቸዋል። ልጅ መጀመሪያ ጨርቅ ይነክሳል፤ ሲለምደው ጨርቁም አያስፈልገውም።

"ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ይባል የለ?" አለችኝ።

"ይቺማ ተቀጥታም አታለቅስም።"

"አየሽ!" ብላ ፈገግ አለች፤ ያመሰገንኳት መስሏት ነው። ተናደድኩ።

"ነገ ጊንጥ ቢነድፋትስ? አንድ ነገር ብትሆን በምን ታውቂያለሽ?"

"እግዜር ይጠብቃታል" አለች። ልጂቱ ጥግ ተቀምጣ ታየን ነበር። እጇን ይዤ "አንቺ፣ ሲያምሽ ጩኺ፣ እሽ?" አልኳት። እናቷን አየች።

ኸሪፍ፣ ክረምቱ፣ ገባ፤ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠግብ ጫማ እየነጠቀ የሚያስቀር ጭቃ ይሆናል። ዶክተሯ ካርቱም ተመልሳለች። እኔ ያቺ ልጅ ከሐሳቤ ስላልወጣች ልያት ብዬ ሄድኩ። ሰማዩ ጠቁሮ፣ ቀን መሆኑ እያጠራጠረ ነበር። ወደ ግቢው ስጠጋ ሴቶቹ በየአጥሩ ሥር ጎንበስ ጎንበስ እያሉ ሲዞሩ አየኋቸው። ዶሮ የጠፋባቸው መሰለኝ። ስቀርብ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ስም ነው የሚሉት፤ ሁሉም፣ በትንፋሽ ብቻ። ከየቤቱ ጀርባ፣ ከየጥጉ ያ ትንፋሽ ይመጣል። ስሙ የልጂቱ ስም ነበር።

እናትየዋ ከገበያ ስትመለስ በሩ ተከፍቶ ልጂቱ የለችም። ጠዋት ትውጣ ከሰዓት የሚያውቅ የለም። ያ ሁሉ ሰው የጠፋ ሕፃን በሹክሹክታ ይፈልግ ነበር!

ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ እጮኻለሁ። ስሟን ባለኝ ጉልበት ጠራሁት። ሴቶቹ ባሉበት ደረቁ። እናትየዋ እየሮጠች መጥታ፣

"በማርያም! በማርያም ይዤሻለሁ! ትናንት እዚህ ማዶ ከሻ ነበር!" አለች፤ ይህንንም በሹክሹክታ ነው።

"እኔ ኢቃማ አለኝ!" ብዬ ደግሜ ጮህኩ። ድምፄ ከመጋዘኑ ግድግዳ ተመልሶ መጣ፤ ሌላ የመለሰ የለም። ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ይቺ ልጅ ጩኸት ስትሰማ የምትመልስ ልጅ አይደለችም። ጩኸት ማለት ለእሷ ተደበቂ ማለት ነው። እኔ በጩኸት፣ እነሱ በሹክሹክታ፣ ሁላችንም በጆሮ ነበር የምንፈልጋት።

መጥራቱን ትቼ በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ። በርሜል ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ ባዶ ጆንያ እያነሳሁ። ከግቢው ጀርባ ባለቤቱ ሽንት ቤት ሊያስቆፍር ጀምሮ ዝናብ ሲመጣ የተወው ጉድጓድ አለ፤ ላዩን ቆርቆሮ ጥለውበታል። ሴቶቹ ሲመላለሱበት ነበር። አንዷማ ደክሟት አፈሩ ላይ ተቀምጣለች። ቆርቆሮው ከአንድ ጥጉ ተንሸራቷል። አነሳሁት።

ውኃው ደረቷ ድረስ ደርሷል። ቆማለች። አልተኛችም፣ ራሷንም አልሳተችም፤ ቀና ብላ እያየችኝ ነበር። የቀሚሷን አንገትጌ በጥርሷ ነክሳዋለች።

በገመድና በሻሽ ጎትተን አወጣናት። ከንፈሯ ገርጥቷል።

"ስንጠራሽ ትሰሚን ነበር?" አልኳት። በራሷ ንቅናቄ አዎ አለች። እናቷ ቀሚሷን ከጥርሷ አላቀቀችላት። ልጂቱ ወደ እሷ ጠጋ ብላ፣ እንደ ምሥራች፣

"እማ፣ አልጮህኩም። ምንም አልጮህኩም" አለቻት።

እናትየዋ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ደረቷን ትደቃለች፣ ጸጉሯን ትይዛለች፤ ለቅሶዋ ግን ድምፅ አልነበረውም።

ዝናቡ ጋብ ባለ ሰሞን እናትየዋ ቤቴ ድረስ መጣች። ቱቦውን እንደጣለችው ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ልጂቱ በሕልሟ ሳይቀር አፏን ከፍታ ዝም ትላለች አለችኝ። "እታለም፣ አንቺ ጩኸት ታውቂያለሽ። አስተምሪልኝ።" ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳይ አልሳቅሁም።

ከከተማው ወጥተን ማሽላው ሰው ወደሚውጥበት እርሻ ይዣቸው ሄድኩ። አጠገባችን ነፍስ ያለው ሰው የለም። እኔ ጮህኩ፤ ከማሽላው ውስጥ ወፎች በረሩ። ልጂቱ ወፎቹን አይታ ፈገግ አለች። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

"ከእናት ነው የሚማሩት። አንቺ አሳዪያት" አልኳት እናቷን።

እናትየዋ ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀች። እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች፣ አየር ሳበች፣ አፏን እስከመጨረሻው ከፈተች። የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። አንዲት ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከረች። ማሽላው ሲንሿሿ እሰማለሁ፤ እሷን አልሰማትም። ልጂቱ አንጋጣ ስታያት ቆየች። ከዚያ ግራ ቀኙን ቃኘችና የእናቷን ቀሚስ ጎተት አድርጋ፣

"ቀስ በይ፣ እማ" አለቻት በትንፋሿ። "ሰው ይሰማል።"