ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ

ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኔትወርክ ሠራተኛ ነበርኩ። ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን፣ ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ነጭ ሣጥን የምነካው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጥፋቱን የማካፍለው ሰው የለኝም ለማለት ነው።

ታናሽ እህቴ የሒሳብ መምህርት ናት። ውጭ አገር ለመማር ሁለት ጊዜ አመልክታ ወድቃ፣ በሦስተኛው የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ላይ ደረሰች። ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ስለሆነ ከእኛ ኮሌጅ ልታደርገው ፈለገች። የዕድሜ ገደብ ስላለው ከዚያ ዓመት ወዲያ ማመልከት አትችልም።

"ወንድምዓለም፣ መስመሩን አደራ" አለችኝ።

"ምን ሆነሻል? እኔ እያለሁ!" አልኳት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

የኮሌጁ ዋይፋይ የአገር ሁሉ ነበር። ፓስወርዱን ለአንድ መምህር ከሰጠሁት፣ ማታ ዘበኛው፣ ጧት ሻይ ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ለጠየቀ ሰው እንቢ ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤትን ባዶ እጇን እንደ መመለስ ነው። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ ስሰጥ ኖሬያለሁ። ለእህቴ ስል ግን ጨከንኩ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ፓስወርዱን ቀየርኩ። ከጎናችን ያለው ሆቴል ዋይፋይ ከእኛው ጋር በአንድ ቻናል፣ በአንድ የሞገድ መስመር፣ ይጋጭ ስለነበር ቻናሉንም ለወጥኩ። የሌላውን ሰው ሁሉ ፍጥነት ገድቤ እህቴ የተዋሰችውን ላፕቶፕ ብቻ ያለ ገደብ ተውኩት። ስሞክረው ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። እዚያ ላይ መተው ነበረብኝ።

አልተውኩም። ሲኳሉ ዓይን ማጥፋት ማለት የእኔ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ አጥር ተደግፎ ፊልም የሚያወርደውን ሁሉ ላባርር ብዬ፣ ዋይፋዩ የሚበራበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት ሞላሁ። ከሁለት እስከ አሥራ አንድ። ሥራ የምንገባው በሁለት፣ የምንወጣው በአሥራ አንድ ነው፤ እጄ ላይ ያሰርኩት ሰዓትም የሚቆጥረው እንዲሁ ነው። ሣጥኑ ግን እንደ ፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ ለእሱ አሥራ አንድ ማለት የእኛ ረፋድ አምስት ሰዓት ነው። ይህ ትዝ እንኳን አላለኝም። ስጨርስ ከሥራ መውጫ ሰዓት አልፎ ነበርና ዋይፋዩ ወዲያው ጠፋ። "ጎሽ፣ ሠራ!" ብዬ ደስ እያለኝ ወጣሁ።

በማግስቱ ጧት በአራት ተኩል ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጀመረች። በበሩ መስታወት አያታለሁ። መጀመሪያ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኋላ ግን እጇን እያወናጨፈች ታስረዳ ጀመር። ከጠያቂዎቹ አንዷ ሳቀች። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን ፊታቸው ባለበት ቀጥ አለ። እህቴ አላወቀችም፤ ለቆመ ምስል ማስረዳቷን ቀጠለች።

ሮጥኩ። ሣጥኑን አጥፍቼ አበራሁ፣ ፓስወርዱን መለስኩ፣ ቻናሉን መለስኩ። ወይ ፍንክች! በገመድ ላገናኛት ስል የተዋሰችው ላፕቶፕ የገመድ ቀዳዳ የለውም። የስልኬን ኢንተርኔት ብከፍትላት ድምፅ እንኳን አልሸከም አለ። ትናንት የሞላሁት የማጥፊያ ሰዓት ላይ ዓይኔ ያረፈው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። ለካ ያጠፋሁት ራሴ ነኝ! ሰዎቹ በኢሜይል አመስግነው ዘግተው ነበር። ሌላ ቀጠሮ ለመነቻቸው፤ አልሰጧትም።

ማምሻውን አማኑኤል ከተማ ላሉት አባታችን ደወለች።

"መስመሩ ተቋረጠ፣ አባባ።"

"እግዜር ያላለው ነው ልጄ፣ ተይው" አሏት።

እግዜር ምን አደረገ? እኔ ነኝ እንጂ! ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን እንባዋን ጠርጋ "አንተ ደግሞ ምሳም አልበላህ" አለችኝ። ፈራሁ።

እስከ ዛሬም አልነገርኳት። ያው ትምህርት ቤት፣ ያው ክፍል ውስጥ ታስተምራለች። የዚያ ቀን ነገር በተነሳ ቁጥር "ወንድሜ ለእኔ ያልሆነው የለም። እሱ ባይኖር ያቺን ግማሽ ሰዓት እንኳን አላገኝም ነበር" ትላለች። ሰው ፊት ስታመሰግነኝ አንገቴን እደፋለሁ፤ እሷ ትሕትና ይመስላታል።