የዓርብ ውሃ

አጎቴ ሲሬ ከተማ አጠገብ፣ ቀለጣ ወንዝ ዳር፣ በመስኖ ሽንኩርት ያለማሉ። የአካባቢው የውሃ አባትም ስለሆኑ ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ ተራ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። የጂኦግራፊ ትምህርት በጀመርኩበት ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ አንድ ነገር ጠየቁኝ። የሽንኩርቱ ችግኝ ደርሷል፤ የታችኛውን ማሳ ብቻ ይትከሉ ወይስ የላይኛውንም ይጨምሩ? ወንዙ ለሁለቱ ይበቃ እንደሆነ ለክቼ እንድነግራቸው ፈለጉ። ከቤተሰባችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝና ላሳፍራቸው አልፈለግኩም።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ወንዙ ወረድኩ። መምህራችን እንዳሳየን ሃያ ሜትር በገመድ ለክቼ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ውሃው ላይ ጣልኩና ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት በስልኬ ያዝኩ። ስፋቱን በገመዱ፣ ጥልቀቱን በእንጨት ለካሁ። ውጤቱ በጣም አነሰብኝ። ላይ ተራራው ላይ ያለው ረግረግ በበጋም አይደርቅም፤ ከዚያ የሚነሳው ውሃ በገብስና በድንች ማሳ መሀል ቁልቁል ወርዶ ሞቃቱ ሜዳ ላይ አዋሽን ይቀላቀላል። ይህን ሁሉ በካርታ ስዬ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ስለዚህ የተሳሳትኩት እኔ እንጂ ወንዙ ሊያንስ አይችልም አልኩ። ዓርብ በዚያው ሰዓት ደገምኩት። የሐሙሱን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የሐሙሱን በእስክሪብቶ ሰርዤ ወደ አሰላ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲዬ ተመለስኩ።

እሁድ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ለሁለቱም ይበቃል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ደግሜ ለክቻለሁ።»

«እንግዲያው ችግኙን ማክሰኞ ከመደቡ እንነቅላለን።»

ሰኞ ምሳ ላይ ደብተሬን ለመኝታ ክፍል ጓደኛዬ አሳየኋት። ደጋው ላይ ያለችው የዲክሲስ ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ ከላይ፣ ወደ ቀለጣ ከሚገባ ጅረት ውሃ ጠልፈው ድንች ያጠጣሉ።

«ዓርብ ነው እንዴ የለካሽው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ምነው?»

«ዓርብማ አባቴም ጎረቤቶቹም ከማለዳው ቦያቸውን ዘግተው ለጁምዓ ይዘጋጃሉ። ውሃው ሁሉ ወደ እናንተ ነው የሚለቀቀው። በሳምንት አንድ ቀን የኛን ትጠጣላችሁ» ብላ ሳቀች።

ምሳዬን ትቼ ወጣሁ። አጎቴ ጋ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኢተያ ላይ መኪና ቀየርኩ፤ ሁለተኛው መኪና ሰው እስኪሞላ ቆመ። የሽንኩርት ችግኝ ከመደቡ አንዴ ከተነቀለ አይመለስም። በየድልድዩ አንገቴን አስግጌ ወደ ታች አየሁ፤ ሁሉም ቦታ ከውሃው ይልቅ ድንጋዩ ይበዛል።

ስደርስ ከመደቡ ከግማሽ በላይ ተነቅሎ፣ በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ፣ እርጥብ ጆንያ ለብሷል። አጎቴ ፊት ቆሜ የሆነውን ነገርኳቸው።

«ዓርብ እንደሚሞላማ እኔም አውቃለሁ» አሉ። «ሁለቱንም ቀን አይተሽ፣ አመዛዝነሽ የነገርሽኝ መስሎኝ ነው።»

ችግኝ ስታስር የነበረች ጎረቤታቸው ቀና አለች። «እዚያ ትምህርት ቤት ዓርብን አላስተማሩሽም እንዴ?»

የሚነቅሉት ሰዎች ሳቁ። አጎቴ አልሳቁም።

«የሐሙሱ ስንት ነበር?»

ደብተሩን ገልጬ ከጭረቱ ስር ያለውን ቁጥር አነበብኩላቸው። ቁጥሩ ምንም አልነገራቸውም፤ ከዓርቡ ግማሽ ያህል ነው ስላቸው ግን ወደ ላይኛው ማሳ አዩ። ከዚያ መንቀሉ እንዲቆም አዘዙ። የተነቀለውን ታችኛው ማሳ ላይ ጠጋ ጠጋ አድርገን ተከልን፤ እኔም ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ሆኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስተክል ዋልኩ። እንዲያም ሆኖ ብዙ እቅፍ ተረፈ። አጎቴ ለጎረቤቶቻቸው ሊሰጡ ዞሩ፤ ትርፍ ውሃ ያለው ሰው አልተገኘም።

የተረፈው ቅጠሉ መጠውለግ ሲጀምር በጣሳ ውሃ ቀድቼ ጆንያው ላይ ማፍሰስ ጀመርኩ።

«ተዪው ልጄ» አሉኝ፤ አልተቆጡም። «ውሃው ለተተከለው ነው።»

በጣሳው የቀረውን ወደ ቦዩ መለስኩት።