ጫማው ወደ ጎን ሲሄድ

የልጅ ልጄ እዚህ ውጭ አገር፣ ዲር ፓርክ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ የምግብ ጠረጴዛውን ከያዘችብን ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ እኛ ሳህን በጉልበታችን ይዘን ነው የምንበላው። ኮሌጅ የምትማረው ሥዕል ማንቀሳቀስ ነው። ወረቀት ቆርጣ፣ ትንሽ ትንሽ እየገፋች፣ ከላይ በሰቀለችው ስልክ ፎቶ ታነሳለች። ተዋናዮቿ ጫማ፣ ጃንጥላና ባልዲ ናቸው። ዓይን፣ አፍ፣ እጅና እግር የምቆርጥላቸው እኔ ነኝ፤ መቀስ ከልጅነቴ ይታዘዝልኛል። የጫማው አፍ ተነቅሎ ለባልዲውም እንዲሆን እየለካሁ ነው የምቆርጠው።

ያን ቀን በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ፊልሟን ለአስተማሪዋ ካላሳየች ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት አንዴ ወድቃበታለች። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የቆረጥኩላትን የማስቀምጥበትን ሳጥን ከፈተችና ደነገጠች።

«እማማ፣ የሳይዱ ፊት የታለ?»

ሳይድ የምትለው በጎን የሚታየውን ፊት ነው። ጫማው ወደ ጎን ይሄዳል፤ ባለአንድ ዓይን ፊት ቁረጪልኝ ስትለኝ፣ እሺ እያልኩ ከርሜ አልቆረጥኩም።

«አልሠራሁትም።»

«ዋይ?» አለች፤ ለምን ማለቷ ነው።

እንዴት ልበላት? እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው። ደጉ ሰው በሁለት ዓይኑ ያየናል። ያ ምስኪን ጫማ ምን አጠፋ? ይህንኑ ነገርኳት።

«ጫማ እኮ ነው! ጫማ ሰይጣን አይሆንም!»

«የአባትሽን ጫማ አሽትተሽ ታውቂያለሽ?»

አልሳቀችም። መቀሱን አንስታ ራሷ ልትቆርጥ ስትል መቀሱ ከመስመር ወጣና ወረቀቱ ተቀደደ። ያኔ ገባኝ፤ ለግድግዳ ሥዕል ብዬ የልጅቱን ዓመት ልበላው ነው።

«ስጪኝ፣ የፈለግሽውን ልቁረጥ» አልኳት።

መቀሱን ይዤ ሳስብ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ እነዚያ ግድግዳ ላይ የተሣሉት ቅዱሳን ወደ ጎን ሲያዩ ፊታቸውን አያዞሩም፣ ጥቁሩን ብሌን ብቻ ነው ወደ ጥግ የሚልኩት። የጫማውን ሁለት ብሌኖች ነቅዬ ሳልለጥፍ አስቀመጥኳቸው፤ በጥፍሬም ወደ ቀኝ ገፋኋቸው። ልጅቱ አየችና ስልኩን አስተካከለች።

መከራው ከዚያ በኋላ መጣ። ያልተለጠፈ ብሌን በትንፋሽ ይበርራል! መስኮቱን ዘጋን። አንድ ፎቶ፣ አንድ ግፊት። አንዱ ብሌን ጠረጴዛ ሥር ገብቶብን በአራት እግሬ ፈለግኩት። ስምንት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሯን አቅፋ ወደ አውቶቡሱ ሮጠች።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ደወለች።

«ጫማው ወደ ጎን እየሄደ ለምን እኛን ያየናል ብላ አስተማሪዬ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«አያቴ ደግ ጫማ ነው ብላለች አልኳት።»

«ተይ ቀልዱን! አለፍሽ?»

«አለፍኩ፣ እማማ።»

ስልኩን አስቀመጥኩና ከወረቀቱ ቁርጥራጭ መሐል ቁጭ አልኩ።