ማንም የማይሠራለት ስልክ

ማዳም አዲስ ስልክ ስትገዛ አሮጌው ለሠራተኛዋ ይወርዳል። እኔ በምሠራበት፣ ዱባይ፣ የአል ባርሻ ሕንፃ ወጉ ይሄው ነው። የተሰጠሽን አትሸጪም፣ አትመልሺም፤ ሌላ ከያዝሽ ደግሞ ወንድ አለሽ ማለት ነው። የእኔዋ የወረወረችልኝ ስልክ ሲያዩት ያምራል፤ ግን ሲስተሙ ከሌሎቹ የተለየ፣ ገበያ ያልቀናው ዓይነት ነው። እዚህ አገር ሰው ሁሉ በምስል የሚገናኝበት አፕ አልጫንበት አለ።

«ማዳም፣ ልጄን ልያት ብዬ ነው» አልኳት።

«ድምጿን ትሰሚ የለ? ኸላስ፣ በቃ!»

ልጄን ጡት ሳላስጥላት ነው ትቻት የመጣሁት። አሁን አፏን ፈታለች፤ የምታውቀኝ ግን በድምፅ ብቻ ነው። ፊቴን ሳታውቀው እንዳታድግ እፈራ ነበር፤ ከዚያ የባሰ የምፈራው አልነበረኝም።

በስንት ልመና የእረፍት ቀን አገኘሁና በሜትሮም በአውቶቡስም ብዬ አጅማን፣ አል ኑዓይሚያ ደረስኩ። በተከራየነው የጸሎት አዳራሽ ያን ቀን የሰበከው ዱባይ ቢሮ ተቀምጦ አፕ የሚሠራ ወንድም ነበር። ዘጠና ዘጠኙን በጎች ትቶ የጠፋችውን አንዷን ስለፈለገው እረኛ እያለቀሰ ሰበከ፤ እኛም አለቀስን። ሲወርድ ስልኬን ይዤ ጠበቅኩት።

ገልበጥ አድርጎ አየውና ሳቀ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ የሞተ ነው! ለእያንዳንዱ ሲስተም እንደ አዲስ መጻፍ፣ መሞከር፣ ሲበላሽ መጠገን አለ። ይሄን የያዘ ስንት ሰው አለ ብለሽ ነው? ለጥቂት ሰው ማን ይለፋል?»

«አፕ ስለሌለው እኮ ነው ሰው የማይገዛው።»

«ሰው ስለማይገዛው ነዋ አፕ የማንሠራለት። ላለው ይጨመርለታል፤ ቃሉ ነው።»

«አንዷ በግስ፣ ወንድሜ? አሁን አይደል እንዴ ያስለቀስከን?»

«እረኛው አለቃ አልነበረበትማ» ብሎኝ ሻይ ወደሚቀዳበት ሄደ። ጉንጩ ላይ ያለው እንባ እንኳ ገና አልደረቀም። አልረገምኩትም፤ የተናገረው እውነት ነበር። ያንገበገበኝም እውነት መሆኑ ነው።

ስንነጋገር የሰማች አንዲት እህት አዝና የራሷን ስልክ ሰጠችኝ። ልጄን ለምታሳድግልኝ ለእህቴ በምስል ደወልኩ። ልጄ ብቅ አለች፤ ግንባሯ ቁርጥ እኔን። ቃል አልወጣኝ አለ፤ እጄን ብቻ አወዛወዝኩላት። ትንሽ አየችኝና ወደ አክስቷ ዞረች።

«ዝጊው አክስቴ» አለቻት፤ «አሁን እማዬ ትደውላለች።»