የጋሽ አሰፋ ክስ በአዲሱ አልበም ላይ

"ድምፁን አቀጠኑት!" ጋሽ አሰፋ ዛሬ ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ማኪያቷቸውን ሳይጨርሱ ብድግ ብለው እንዲህ አሉ።

ድምፁ ቀጠነ የተባለው በወጣትነታችን ያበድንለት ጊታር እየመታ የሚዘፍን የሮክ ዘፋኝ ነው። ከስንት ዓመት ዝምታ በኋላ አዲስ አልበም አውጥቷል፤ ከተማው ውስጥ እሱን የማያጫውት ባጃጅ የለም።

"ኮምፒውተር ነው ያበላሸው፤ ያ ወፍራም ድምፅ የት ሄደ?" አሉ ጋሽ አሰፋ።

የሰውዬውን የድሮ ዘፈን በየሰርጉ የሚዘፍኑልን እሳቸው ናቸው፣ ከጉድጓድ የሚወጣ በሚመስል ድምፅ። ስለዚህ ማንም አልተከራከራቸውም።

ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣው የፊዚክስ መምህር ግን "ድሮም ድምፁ ይሄው ነው" ብሎ የድሮውን ዘፈን ከስልኩ ከፈተልን።

ቀጭን ነው። ድራሙ ደግሞ የሚያባርሩት ይመስል ይሮጣል።

ነገሩ ትዝ አለን። ያኔ መብራት ስለሚጠፋ ካሴቱን የምንሰማው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ የቦንጋ ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ከደመናና ከዝናብ አትወጣም። ቴፑ ይጎትታል፣ ድምፁም ይወፍራል።

ጋሽ አሰፋ ያን ሁሉ ዓመት ሲያስመስሉ የኖሩት የደከመ ድንጋይ ነበር ለካ።

ቀስ ብለው ተቀመጡ። ማኪያቷቸውን ጨረሱ።

"ለማንኛውም የእኔው ይሻላል" አሉ።

እጅ አውጥተን ድምፅ ሰጠን። መምህሩ ብቻ ተቃወመ። ቅዳሜ ሰርግ አለ፤ በድንጋዩ ይዘፈናል።

እናንተስ ጋ በደከመ ባትሪ የተወደደ ዘፋኝ የለም?